ከፍላጻው ጫፍ እስከ አውታሩ

ሐምሌ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ፣ ባለወርቅ ጉልላቱ ኢንቫሊድ ፊት ለፊት በተዘጋጀው ሜዳ፣ ሁለት ቀስተኞች ለኦሊምፒክ ወርቅ ተፋጠጡ። ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ዉጂንና አሜሪካዊው ብሬዲ ኤሊሰን አምስት ዙር ወርውረው 5 ለ 5 ወጡ። እኩል የወጡ በአንድ ፍላጻ ይለያሉ። ሁለቱም አንዳንድ ፍላጻ ለቀቁ፤ ሁለቱም 10 መቱ። ቀሪው የመለኪያ ጉዳይ ሆነ። የኪም ፍላጻ ከዒላማው እምብርት 55.8 ሚሊ ሜትር፣ የኤሊሰን ደግሞ 60.7 ሚሊ ሜትር ርቃ ተገኘች። ወርቁን ከብሩ የለየው 4.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንዲት ምስር ፍሬ ስፋት ያህል። ዒላማው የቆመው ደግሞ በ70 ሜትር ርቀት ላይ ነበር።

እንዲህ ያለውን ውድድር የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ቀስቱ ላይ ነው። ቀስቱ ትልቅ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ዋጋውም ውድ ነው። ጀማሪውም ገንዘቡን ሁሉ እዚያው ላይ ያፈስስና ጫፉንና አውታሩን በተረፈችው ፍራንክ ይገዛል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ፍላጻው ጉልበቱን ከቀስቱ የሚቀበለው በአንዲት ቦታ ብቻ ነው፤ ኋላው አውታሩን በሚጎርስበት። ዒላማውን የሚያገኘውም በአንዲት ቦታ ነው፤ በጫፉ። መካከለኛ ቀስት ልኩን ባገኘ ጫፍና በደንብ በተቃኘ አውታር ጥሩ ይሠራል። ውድ ቀስት ግን በማይገጥም ጫፍና በላላ አውታር ባለቤቱን ያሳፍራል።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በዕለት ንግግር መሣሪያውም የሚወነጨፈውም «ቀስት» ይባላል፤ ስፖርቱም «ቀስት ውርወራ» ተብሏል። በዚህ ጽሑፍ ግን እንደ ጥንቱ አነጋገር ቀስት የሚገተረው፣ ፍላጻ የሚወነጨፈው፣ አውታር ደግሞ ሁለቱን የሚያገናኘው ጅማት ነው። ብዙዎቹ የዘመኑ ዕቃዎች ከነእንግሊዝኛ ስማቸው ስለመጡ፣ ሱቅ ውስጥ በሚጠሩበት ስም ተጽፈዋል።

ጫፍ ከቀስት በዕድሜ ይበልጣል። ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ባለው ጋደሞታ የተገኙት የባልጩት ጫፎች ከ279,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት የተወረወሩ ጦሮች ጫፍ እንደ ነበሩ አስረድቷል። ቀስት የመጣው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። የፍላጻ ጫፍ ናቸው ተብለው ከሚጠቀሱት ጥንታዊ ቅርሶች መካከል የደቡብ አፍሪካው ሲቡዱ ዋሻ ስል ድንጋዮች ይገኙበታል፤ ዕድሜያቸው 64,000 ዓመት ገደማ ነው።

ቀስተኛው ራሱ ከነዕቃው የተገኘው ግን በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በጣልያንና በኦስትሪያ ወሰን ላይ ተራራ የሚወጡ ሰዎች ያገኙትና «ኡትሲ» የተባለው ይህ ሰው ከ5,000 ዓመት በላይ በረዶ ጠብቆት ቆይቷል። ሰገባው ውስጥ 14 ፍላጻዎች ነበሩ። አሥራ ሁለቱ ገና ያላለቁ ዘንጎች ናቸው፤ ጫፍና ላባ ተገጥሞላቸው ለሥራ የደረሱት ሁለቱ ብቻ። የባልጩት ጫፎቻቸው በበርች ዛፍ ሙጫ ተጣብቀው በክር ተጠፍረዋል። አብሮም ከእንስሳ ጅማት የተገመደ ገመድ ነበር፤ ለአውታርነት የታሰበ ነው። ቀስቱም ተጠርቦ አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2001 የተነሣው ራጅ በግራ ትከሻው ውስጥ የተቀረቀረ የባልጩት ጫፍ አሳየ፤ ከኋላው የተወረወረችበት ፍላጻ ናት። የእሱ ዕቃ አላለቀም፤ የገዳዩ ግን አልቆ ነበር።

በምሥራቅ አፍሪካ ጫፍ ሌላም ሥራ ነበረው፤ መርዝ ማድረስ። ምረንዝ የሚባለው፣ በኦሮምኛ ቀራሩ የሚሉት ዛፍ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የሚታወቅ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ የተሰየመው ብዙ ዓመት ትግራይ ውስጥ በኖረው በጀርመናዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ በሽምፐር ስም ነው። ከሶማሌ ምድር እስከ ኬንያና ታንዛንያ ያሉ አዳኞች የዚህን ዛፍ ወገን እንጨትና ሥር ቀቅለው፣ እንደ ቅጥራን እስኪጠቁርና እስኪወፍር አንተክትከው፣ ከብረቱ ስለት ኋላ ባለው አንገት ላይ ይቀቡታል። እ.ኤ.አ. በ1888 ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ ከዚሁ ወገን ለይቶ ያወጣው ንጥረ ነገር «ዋባይን» ተባለ፤ ስሙ የመጣው የፍላጻ መርዝ ማለት ከሆነው «ዋባዮ» ከሚለው የሶማልኛ ቃል ነው። የልብን አመታት ስለሚለውጥ በኋላ ለሕክምናም አገልግሏል። እንዲህ ያለው ፍላጻ አጥንት መስበር አይጠበቅበትም። ቆዳ ቀድዶ መርዙን ደም ውስጥ ካደረሰ ሥራው አልቋል፤ ጫፉም ለዚያው ሥራ ተብሎ ተቀጥቅጧል።

ዛሬ ሱቅ የሚገባ ቀስተኛም አስቀድሞ መመለስ ያለበት ይህንኑ ነው። ጫፉ የሚገዛው ለምን ሥራ ነው? ለገለባና ለፎም ዒላማ የሚሆነው አፉ እንደ ጥይት ሾጠጥ ብሎ የዶለዶመ፣ ወገቡ ላይ እርከን የሌለው ለስላሳ ብረት ነው። ቡሌት ፖይንት ይሉታል። በቀላሉ ይገባል፣ ሲነቀልም ዒላማውን አይቦጭቅም። ፊልድ ፖይንት ከሹል አፉ ኋላ ትከሻ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ በብሎን የሚገባና የሚወጣ ስለሆነ ክብደት ለመቀያየር ይመቻል። ሣር ሜዳ ላይ ለሚለማመዱ ደግሞ ጁዶ ፖይንት አለ። አፉ ዙሪያ ያሉት ትናንሽ የሽቦ ክንዶች ሣሩን ጨብጠው ያስቆሙታል፤ ፍላጻው ሣር ውስጥ ሾልኮ አይጠፋም።

ባለስለቱ ጫፍ፣ ብሮድሄድ፣ ለአደን ብቻ የተሠራ ነው። በ50ዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች በቀስት ማደን ስለሚፈቀድ የስፖርት ዕቃ መደብሮቹ በዚህ ጫፍ የተሞሉ ናቸው። ብዙ ግዛቶች ስለቱ ቢያንስ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት እንዲኖረው ያስገድዳሉ፤ እንስሳው ቆስሎ እንዳይሰቃይ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ግን በቀስት ማደን ክልክል ነው። ይህ ጫፍ የልምምድ ዒላማን ይዘለዝላል፣ የሚነቅለውንም ሰው እጅ ይቆርጣል። ለስፖርት የሚገዛ ሰው ወደዚያ መደርደሪያ ባይጠጋ ይሻላል።

ሥራው ከታወቀ ክብደት ይከተላል። ጫፍ የሚመዘነው በግሬን ነው፤ ጥንት ከአንድ የገብስ ቅንጣት ክብደት የተነሣ ልኬት ሲሆን የጥይት እርሳስም እስከ ዛሬ በዚሁ ይመዘናል። አንድ ግራም 15.4 ግሬን ነው። በየሱቁ የሚበዙት ባለ 100 እና ባለ 125 ግሬን ጫፎች እንግዲህ 6.5 እና 8.1 ግራም መሆናቸው ነው። በእጅ መዳፍ ላይ ሲቀመጡ ልዩነታቸው አይታወቅም። በአየር ላይ ግን ይታወቃል።

ፍላጻ መንገዱን ይዞ እንዲሄድ አፍንጫው መክበድ አለበት። ላባዎቹ አየሩን ይዘው ኋላውን ሲያዘገዩት ከፊት ያለው ክብደት ይመራል። ይህ ሚዛን ኤፍኦሲ ይባላል፤ የፍላጻው የክብደት ማዕከል ከዘንጉ መሃል ምን ያህል ወደ ፊት እንደ ራቀ በመቶኛ ይነግራል። ለመለካት ጣትና ሜትር ይበቃሉ። ቀስተኛው ፍላጻውን ከነጫፉና ከነላባው በአንድ ጣቱ ላይ ያጋድምና ሳያዘነብል የሚቆምበትን ቦታ ፈልጎ ምልክት ያደርግበታል። ዘንጉ ከኋላው ስንጥቅ ጀምሮ ጫፉ እስከሚገባበት አፍ ድረስ 72 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መሃሉ 36 ላይ ነው። ምልክቱ 45 ላይ ካረፈ ሚዛኑ 9 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት አልፏል፤ 9 ለ72 ሲካፈል 12.5 በመቶ ይሆናል። ታዋቂው የፍላጻ አምራች ኢስተን ለኦሊምፒክ ዓይነት ውድድር ከ11 እስከ 16 በመቶ ያለውን ይመክራል። ከዚያ በጣም ካነሰ ፍላጻው በትንሽ ነፋስ ይንገዋለላል። ከበለጠ ደግሞ ቶሎ አፍንጫውን ይደፋል፤ 70 ሜትር ለማድረስ ማነጣጠሪያው ወደ ታች ሲወርድ ሲወርድ መድረሻ ያጣል።

ብዙ ጀማሪዎች የማያውቁት ነገር አለ። ፍላጻ ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ አይወጣም። አውታሩ ከኋላ ይገፋል፣ የከበደው ጫፍ ከፊት ያንገራግራል፣ ዘንጉም በሁለቱ መካከል እንደ ዓሣ እየተጣመመ ይወጣል። በዝግታ የሚያሳይ ፊልም ያየ ሰው ዓይኑን አያምንም። የዘንጉ ጥንካሬ ስፓይን ይባላል። የሚለካውም 28 ኢንች ተራርቀው በቆሙ ሁለት ድጋፎች ላይ ዘንጉን አጋድሞ መሃሉ ላይ 880 ግራም በማንጠልጠል ነው። ግማሽ ኢንች ከጎበጠ ቁጥሩ 500፣ 0.7 ኢንች ከጎበጠ 700 ይሆናል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ዘንጉ የጠነከረ ነው ማለት ነው። ጫፉ ሲከብድ ያው ዘንግ ይበልጥ ይጣመማል። ስለዚህ ጫፍ መቀየር ዘንግ የመቀየር ያህል ነው።

መመርመሪያው ቀላል ነው። በቀኝ እጁ የሚስብ ቀስተኛ ከ18 ወይም ከ20 ሜትር ላባ ያላቸውን ሦስት አራት ፍላጻዎችና ላባው የተላጠ አንድ ፍላጻ በዒላማው ላይ ይለቃል። የተላጠው ከሌሎቹ በስተቀኝ ከተተከለ ዘንጉ ለቀስቱ ልል ነው፤ ጫፉን ማቅለል ይረዳል። በስተግራ ከሆነ ዘንጉ ድርቅ ብሏል፤ ጫፉን ማክበድ ያሻል። ደህና አሠልጣኝ አዲስ ዘንግ ግዛ ከማለቱ በፊት የጫፍ ሣጥኑን የሚከፍተው ለዚህ ነው።

የጫፉ የውጭ ስፋት ከዘንጉ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከሰፋ ሲነቀል ትከሻው ይይዛል፤ ከጠበበ የዘንጉ አፍ ራሱ ዒላማውን እየመታ ይሰነጠቃል። የዓለም ቀስት ውርወራ ፌዴሬሽን ሕግ ዘንጉ ከ9.3፣ ጫፉም ከ9.4 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይወስናል። አዳራሽ ውስጥ በ18 ሜትር የሚወዳደሩ ብዙ ቀስተኞች ወደዚህ ወሰን የተጠጋ ወፍራም ፍላጻ ይይዛሉ፤ መስመር የነካ ፍላጻ ከፍተኛውን ነጥብ ስለሚያገኝ ውፍረት ይጠቅማል። ሜዳ ላይ በ70 ሜትር ግን ነፋስ አለና ዘንጉ ይቀጥናል። ኢስተን እ.ኤ.አ. በ1996 ለአትላንታ ኦሊምፒክ ያደረሰው ኤክስ 10 መሃሉ ወፈር፣ ዳርና ዳሩ ቀጠን ያለ የካርቦንና የአሉሚኒየም ዘንግ ነው፤ ዛሬም ከኦሊምፒክ ሜዳ አልጠፋም። የዚህ ዘንግ ጫፍ ወደ ውስጥ የሚገባው ጭራው ተከፋፍሎ የተሠራ ነው። ባለ 120 ግሬኑን አንዴ ሲሰብሩት 110፣ ሁለቴ ሲሰብሩት 100 ይሆናል።

ከብረት ይልቅ የተንግስተን ጫፍ የሚገዙም አሉ። ተንግስተን ለመጠኑ ከብረት ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ይከብዳል፤ ያው ክብደት በአጭር ጫፍ ውስጥ ስለሚገባ ወደ አፍንጫው ይበልጥ ይጠጋል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፣ ዋጋውም እንዲሁ። ገና ፍላጻው ሣር ውስጥ እየጠፋ ለሚቸገር ሰው ግን ተንግስተን መግዛት ገንዘብ መሬት ውስጥ መቅበር ነው።

ጫፉ በሙቅ ሙጫ የሚጣበቅ ከሆነ እሳቱ ብረቱን እንጂ ዘንጉን መንካት የለበትም፤ ካርቦን በሙቀት ይበላሻል። ቀጥ ብሎ መጣበቁ የሚታወቀው ፍላጻውን በጫፉ መዳፍ ላይ አቁሞ እንደ እንዝርት በማሾር ነው። ጸጥ ብሎ ከሾረ ደህና ነው። መዳፍ ላይ ከተርገደገደ ወይ ጫፉ ወይ ዘንጉ ጠሟል፤ ያ ፍላጻ ከሌሎቹ ጋር አንድ ቦታ አይመታም።

የኦሊምፒክ ቀስት ላይ ጫፍ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለው። ክሊከር የምትባል ቀጭን ብረት ፍላጻው ላይ ተደግፋ ትቀመጣለች። ቀስተኛው ስቦ ስቦ ልኩ ላይ ሲደርስ ጫፉ ከሥሯ ሹልክ ይላል፤ እሷም ቀጭ ትላለች። ያን ጊዜ ይለቃል። የጫፎቹ ርዝመትና የአፋቸው ቅርጽ ካልተመሳሰለ ቀጭታው አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ ይመጣል፤ የቀስተኛው ስበትም ይለያያል። ስለዚህ ጫፍ ለሁሉም ፍላጻዎች ከአንድ ዓይነት፣ ከተቻለም በአንድ ጊዜ ይገዛል፤ በትንሿ የኤሌክትሪክ ሚዛን እየመዘኑ ተመሳሳዮቹን መለየትም ይለመዳል።

ክራር የሚቃኝ ሰው አውታር ምን እንደሆነ ያውቃል። ሲላላ ድምፁ ይሞታል፣ ሲከርር ይጮኻል፤ በመካከሉ የሚፈለግ ቦታ አለ። የቀስት አውታርም ይቃኛል። ከመያዣው እስከ አውታሩ ያለው ርቀት ብሬስ ሃይት ይባላል። ባለ 68 ኢንች የኦሊምፒክ ቀስት ላይ ብዙውን ጊዜ ከ21 እስከ 23 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ትክክለኛውን ወሰን አምራቹ ጽፎ ይሰጣል። አውታሩን ከአንድ ወገን አውልቀው ጥቂት ዙር ሲያከርሩት ያጥራል፣ ርቀቱም ይጨምራል፤ ሲፈቱት ይረዝማል፣ ርቀቱም ይቀንሳል። ልምድ ያለው ቀስተኛ ሁለት ሦስት ዙር እያከረረ፣ ጥቂት ፍላጻ እየለቀቀ፣ ጆሮውን ይሰጣል። ቀስቱ በትንሹ የሚጮኽበት፣ በእጅ ላይም በትንሹ የሚንዘረዘርበት ቦታ ልኩ ነው። ክራር የሚቃኘው ድምፁ እንዲያምር ነው፤ ቀስት የሚቃኘው ዝም እንዲል።

አውታር ከምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥንት ጅማት፣ አንጀት፣ ሐርና የተልባ እግር ነበር። ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዳክሮን የሚባለው ፖሊስተር ቦታቸውን ያዘ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ፋስት ፍላይት በሚል ስም የታወቀውና መሰሎቹ መጡ፤ የተሠሩት እጅግ ጠንካራ ከሆነ የፖሊኢትሊን ክር ነው። ዳክሮን በመጠኑ ይለጠጣል፣ ድንጋጤውንም ይውጣል። አዲሶቹ ግን አይለጠጡም ማለት ይቻላል። የቀስቱን ጉልበት ሳያባክኑ ለፍላጻው ስለሚያደርሱ ፍጥነት ይጨምራል። የማይለጠጥ አውታር ግን ሲቆም ድንገት ነው የሚቆመው፤ ያ ምት ወደ ቀስቱ ክንዶች ይመለሳል። ጫፋቸው ያልተጠናከረ የድሮ የእንጨት ቀስቶች በዚህ ምክንያት ይሰነጠቃሉ። ሁለተኛ እጅ ቀስት የገዛ ወይም ከዘመድ የተቀበለ ሰው አምራቹ ፈቅዶ የጻፈው ነገር ካላገኘ ዳክሮን ይግዛ። ጥቂት ፍጥነት ቢቀር ቀስት ይተርፋል።

የአውታሩ ርዝመት ብዙ አያስቸግርም፤ ከላይና ከታች ጫፉ ወደ ፊት የሚታጠፍ ክንድ ላለው ቀስት አውታሩ ከቀስቱ ርዝመት ከ3 እስከ 4 ኢንች ያጥራል፤ ሱቅ ውስጥም ብዙ ጊዜ የሚሸጠው የቀስቱ ርዝመት ተጽፎበት ነው።

አውታሩ መሃል ላይ፣ ጣትና ፍላጻ የሚያርፉበት ቦታ፣ በሌላ ክር ይጠመጠማል። ሰርቪንግ ይባላል። ውፍረቱ ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም ፍላጻው ኋላ ላይ ያለችው ኖክ የምትባለው ስንጥቅ የምትጎርሰው ይህንኑ ጥምጥም ነው። ልኩን ለማወቅ ፍላጻውን አውታሩ ላይ ሰክቶ ወደ መሬት ማንጠልጠል፣ ከዚያም አውታሩን በጣት መታ ማድረግ ይበቃል። ሳይነካ ከወደቀ ልል ነው። ደጋግመው መትተውት ካልወደቀ ጠባብ ነው። በአንድ ቀላል ምት ሲወልቅ ልኩ ነው። ልል ኖክ አደጋ አለው። ቀስተኛው እየሳበ ሳለ ፍላጻው ከአውታሩ ሾልኮ ቀስቱ ባዶውን ሊለቀቅ ይችላል። ፍላጻው ይዞት ይሄድ የነበረው ጉልበት ሁሉ ያን ጊዜ ወደ ክንዶቹ ይመለሳል፤ ክንድ ይሰነጠቃል፣ አውታር ይበጠሳል፣ ሰውም ይጎዳል።

ፍላጻው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ እንዲነሣ አውታሩ ላይ ኖኪንግ ፖይንት የሚባል ምልክት ይደረጋል። አንዳንዱ ትንሽ የናስ ቀለበት በጉጠት ይጨምቅበታል። በክር የሚቋጥረው ግን የተሻለ መርጧል። አንድ ስንዝር ተኩል ያህል የሰርቪንግ ክር ይወስዳል፤ አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ እያደረገ አምስት ስድስት ጊዜ ይቋጥራል፤ ትርፉን ቆርጦ ጫፉን በእሳት ያቀልጥና ይደፈጥጠዋል፤ እሳቱ አውታሩን እንዳይነካ እየተጠነቀቀ። እንዲህ የታሰረ ቋጠሮ የጣት መከላከያውን ቆዳ አይቧጭርም፤ እንደ ብሎን እየተዞረ ወደ ላይና ወደ ታች ይስተካከላል። ክብደትም የለውም። በአውታሩ መሃል የተቀመጠ ነገር ሁሉ ከፍላጻው ጋር እኩል መፍጠን ስላለበት፣ እዚያ ቦታ የምትጨመር ጥቂት ግሬን እንኳ ፍጥነት ትሻማለች። ቦታው በማዕዘን መለኪያ ይገኛል፤ ፍላጻው ከሚያርፍበት ቀጥታ መስመር ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይጀመርና የተላጠው ፍላጻ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲሄድ እያዩ ያርሙታል።

ከዚህ ውጭ ያሉት ዕቃዎች እንደ ቀስቱ ዓይነት ይለያያሉ። ኪሰር ከንፈር ላይ የምታርፍ ትንሽ የፕላስቲክ ክብ ናት፤ ሁልጊዜ እኩል መሳቡን ለመቆጣጠር ጀማሪን ትረዳለች። ድምፅ ማፈኛ የጎማ ወይም የሱፍ ጉንጉን ለአዳኝ ነው፤ የዒላማ ቀስተኛ ምንም አያደርግለትም። ዓይን የሚያሾልክበት ፒፕ ሳይት በኦሊምፒክ ቀስት ላይ በሕግ የተከለከለ ሲሆን ባለ መዘውሩ ኮምፓውንድ ቀስት ላይ ግን ይፈቀዳል። ኮምፓውንድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጣት አውታሩን አይነካም። ዲ-ሉፕ የሚባል አጭር ገመድ ከፍላጻው ኋላ ይታሰርና መልቀቂያ መሣሪያው እሱን ይይዛል። ይህን ቀስት የፈለሰፈው የሚዙሪው ሆሊስ አለን ሲሆን የፈጠራ ባለቤትነት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። እስከ ዛሬ ከኦሊምፒክ ደጅ ቆሞ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ጨዋታ ግን በድብልቅ ቡድን ውድድር እንዲገባ ተወስኗል።

ልጆቻቸውን አሜሪካ የሚያስተምሩ ወላጆች ይህን ስፖርት በትምህርት ቤት በኩል ሊያገኙት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ኬንታኪ ውስጥ የተጀመረው ብሔራዊ የትምህርት ቤቶች ቀስት ውርወራ ፕሮግራም ሁሉም ልጅ በአንድ ዓይነት ዕቃ እንዲወዳደር ያደርጋል፤ ጀነሲስ የተባለ ቀስትና ኢስተን 1820 የተባለ የአሉሚኒየም ፍላጻ። ማነጣጠሪያ የለም፣ መልቀቂያ መሣሪያም የለም። የሀብታም ልጅና የድሃ ልጅ እኩል ዕቃ ይዘው ይቆማሉ፤ ይህ ሊመሰገን የሚገባው አሠራር ነው። ልጃቸው ያንኑ ቀስት ቤት ግዙልኝ ያላቸው ወላጆች በተጨማሪ ዕቃ ሊያስጌጡት አያስፈልግም። ተመሳሳይ ጫፍ ያላቸው ስድስት ፍላጻዎች፣ የአውታር ሰምና መለዋወጫ አውታር ይበቁታል።

አውታር ግን ያልቃልና ክትትል ይፈልጋል። ክሩ ጸጉር ሲያወጣ ሰም ይቀባል፤ በጣት ወይም በቁራጭ ቆዳ እስኪሞቅ ይታሻል፤ ሰሙም ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ጥምጥሙ ላይ ሰም አያስፈልግም። ጥምጥሙ ከተፈታ ብቻውን እንደገና ይጠመጠማል። አውታሩ ራሱ ከተጎዳ ግን መጠገኛ የለውም።

ቤቱ ቀስት ያለው አንባቢ ዛሬ ማታ አውታሩን ከላይ እስከ ታች በጣቶቹ መሃል ቀስ አድርጎ ያሳልፈው፤ በተለይ የቀስቱ ክንዶች ላይ የሚሰካባቸውን ሁለት ቀለበቶች አገላብጦ ይያቸው። አንዲት ክር እንኳ ተበጥሳ ካገኘ አዲስ አውታር እስኪገባለት ድረስ ያንን ቀስት አይገትረው፤ ልጅም አያስነካው።